የአቀንጭራን ዘመድ ሣር መስክ ላይ መዝራት ይጠቅማል?

ጥያቄ (አዝመራው)፦
የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው። የሰፈራችንን የሣር መስክ ወደ ቀድሞ አበባማነቱ ለመመለስ የተሰባሰቡ ጎረቤቶቼ «የሎው ራትል» የሚባል ጥገኛ ተክል ሊዘሩበት አስበዋል። አቀንጭራ ማሽላን ሲያቀጭጭ እያየ ላደገ ሰው፣ ጥገኛ ተክልን በገንዘብ ገዝቶ መዝራት ግራ ያጋባል። በእርግጥ ይጠቅማል? ከቁጥጥር ውጭ ቢሆንስ?

መልስ (ደገኛው)፦
ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። የአቀንጭራ ደቃቅ ዘር ከአሥር ዓመት በላይ አፈር ውስጥ አድፍጦ፣ የማሽላው ሥር የሚያመነጨውን ኬሚካል ሲያገኝ ይበቅላል። የየሎው ራትል ዘር ግን ጠፍጣፋና ተለቅ ያለ ሲሆን፣ የክረምቱ ብርድ ካገኘው በኋላ በጸደይ ይበቅላል፤ አፈር ውስጥም ብዙ አይቆይም። በየዓመቱ ከዘር የሚታደስ በመሆኑ፣ ዘሩ ሳይበስል ለተከታታይ ዓመታት ከታጨደ ይጠፋል።

በእንግሊዝና በዌልስ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ 97 በመቶ የሚሆነው አበባማ መስክ የጠፋው በአብዛኛው መሬቱ እየታረሰና ማዳበሪያ እየተጨመረበት፣ ብርቱዎቹ ሣሮች ሌላውን ስለዋጡት ነው። የሎው ራትል በአረንጓዴ ቅጠሉ ምግቡን ቢያዘጋጅም፣ ሥሩን ከሣሩ ሥር ጋር አጣብቆ ውኃና ማዕድን ይመጥጣል፤ ሣሩ ሲሳሳ ለሌሎቹ ብርሃንና ቦታ ይተርፋል።

መልስ (ችግኝ)፦
የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ በአዘራሩ ነው። ከነሐሴ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ሣሩን አሳጥሮ ማጨድ፣ ከዚያም ግማሽ ያህሉ አፈር እስኪታይ ድረስ በሬክ (ጥርስ ባለው የሣር መሰብሰቢያ) መቧጠጥ ያስፈልጋል። ዘሩ የዚያው ዓመት ምርት ይሁን፤ የከረመ ዘር ገንዘብ ማባከን ነው። በጸደይ ቡቃያው ከወጣ በኋላ፣ የደረቀው የዘር ከረጢት ሲነካ ዘሩ ውስጡ እስኪንኳኳ ድረስ፣ ማለትም እስከ ሐምሌ ገደማ፣ አይታጨድም። የታጨደውም ሣር ከመስኩ መነሣት አለበት፤ እዚያው ከበሰበሰ አፈሩን መልሶ ያዳብረዋል። በጣም የዳበረ አፈር ላይ ግን ቡቃያውን ሣሩ ቀድሞ ይሸፍነዋልና ባይደክሙ ይሻላል።

መልስ (የጎጃሙ)፦
የገበሬው ወገን ተዘንግቷል። ይህ ተክል የድርቆሽ ምርት ስለሚቀንስ፣ ከብት አርቢዎች ሲነቅሉት የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም። መስኩ ከአርቢ መሬት ጋር የሚዋሰን ከሆነ አስቀድሞ መነጋገር ይገባል። በቼክ ሪፐብሊክ ግን የዚሁ ወገን የሆነ ሌላ ዝርያ፣ በአጨዳ ብቻ የማይበገረውን የካላማግሮስቲስ ሣር ለማዳከም ተሞክሮ ውጤት አሳይቷል። ስለዚህ ጎረቤቶችዎን አልቃወምም፤ የአበቦቹን ዘር አብረው መዝራታቸውን ግን ይጠይቋቸው፤ የሎው ራትል ቦታ ያስለቅቃል እንጂ የሌለ አበባ አያበቅልም።