«በፈቃዴ ቀርቻለሁ» የሚለው ወረቀት

እህቴ፣ ወንድምሽን «አውሮፕላኑ ሞልቷል» ብለው አስቀርተው ቫውቸር (ለሌላ ጊዜ በረራ የሚያገለግል ኩፖን) ሰጥተውታል ያልሽውን አነበብኩ። ሌላ ነገር መጠየቅ ይችላል ወይ ላልሽው፣ መልሱ ያለው የፈረመው ወረቀት ላይ ነው።

እኔም ደርሶብኛል። ከእናቴ ጋር ነበርን። ቼክ ኢን ስናደርግ የእኔ ቦርዲንግ ፓስ (የመሳፈሪያ ወረቀት) የወንበር ቁጥር አለው፣ የእሷ የለውም። «ጌት ላይ ይሰጣችኋል» አሉን፣ አመንን። ጌቱ ጋ ስንደርስ ወንበር የለም። ሠራተኛዋ ፈገግ ብላ ቅጽና እስክሪብቶ ለእናቴ ዘረጋችላት። እናቴ ቋንቋውን አትችልም፤ ሰው በትሕትና ካናገራት «ኦኬ፣ ኦኬ» ነው የምትለው። ልትፈርም ስትል እጇን ያዝኩት። ወረቀቱ መቀመጫዋን በፈቃዷ እንደለቀቀች የሚገልጽ ነበር። እስካሁን ያንገበግበኛል።

አየር መንገዶች ከወንበሩ በላይ ትኬት የሚሸጡት ሁሌም የሚቀር ተሳፋሪ ስለማይጠፋ ነው። ይህ በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም። ሁሉም የመጣ ቀን ግን የሆነ ሰው መቅረቱ ነው። በፈቃዱ የቀረ ሰው የሚያገኘው ካሳ የተስማማበትን ብቻ ነው። በግድ የቀረ ግን ሕግ የወሰነለት ካሳ አለው። ያቺ ፊርማ ናት አንዱን ወደ ሌላው የምትቀይረው።

አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ ፈቃደኛ መፈለግ ግዴታቸው ነው። በግድ ካስቀሩሽ መብትሽን የሚገልጽ ጽሑፍ መስጠት አለባቸው። ከአሜሪካ በሚነሳ ዓለም አቀፍ በረራ ላይ የተተካልሽ በረራ ከ4 ሰዓት በላይ ካዘገየሽ፣ ካሳው የአንድ መንገድ ትኬትሽ ዋጋ አራት እጥፍ ነው፤ ጣሪያው 2,150 ዶላር። ቫውቸሩን አልፈልግም ብለሽ ገንዘብ መጠየቅ ትችያለሽ። ከአውሮፓ ኅብረት አገሮች በሚነሳ በረራ ደግሞ እንደ ርቀቱ ከ250 እስከ 600 ዩሮ ነው፤ በሌላ በረራ ቶሎ ካደረሱሽ በግማሽ ሊቀንሱት ይችላሉ። የካናዳው የሚሰላው በዘገየሽው ሰዓት ነው፣ ከ900 እስከ 2,400 የካናዳ ዶላር። ይህ ሁሉ ግን በሰዓቱ ቼክ ኢን ላደረገ ሰው ነው። አሜሪካ ውስጥ አውሮፕላኑ በአነስተኛ ተቀይሮ ከሆነም ካሳው ላይኖር ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2017 ቺካጎ ላይ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሐኪም እየተጎተተ ሲወርድ የሚያሳየውን ቪዲዮ ያላየ ያለ አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ሕጉ ጠበቀ። ቦርዲንግ ፓሱን አሳይቶ የገባን ተሳፋሪ ቦታ ጠበበ ብሎ ማውረድ አይቻልም። ስለዚህ አደጋው ያለው ከጌቱ ወዲህ ነው። ቼክ ኢኑ ኦንላይን እንደተከፈተ ግቡና ወንበር ያዙ። በተለይ እናት አባት ለምትልኩ፣ ቦርዲንግ ፓሱ ላይ የወንበር ቁጥር ከሌለ እዚያው ቆማችሁ ጠይቁ።

እኔ ያን ቀን ፍንክች አላልኩም። «እናቴ ፈቃደኛ አይደለችም፣ መብቷን የሚገልጸውን ጽሑፍ ስጡን» አልኩ። ሠራተኛዋ ቅጹን መልሳ ወሰደችና በድምፅ ማጉያ ፈቃደኛ መጥራት ጀመረች። አንድ ቦርሳ ያዘለ ወጣት እጁን አወጣ። ለካ ቀድሞም መጠየቅ ይቻል ነበር! እናቴ እየመረቀችው ገባች።

ወንድምሽ የፈረመበትን ወረቀት ፎቶ አንሥተሽ በውስጥ ላኪልኝ፣ አብረን እናንብበው። እስከዚያ ቫውቸሩን እንዳይጠቀምበት ንገሪው።