ከቡና ገለፈት የአውሮፕላን ነዳጅ ለማውጣት ስሞክር አሸዋው እየተጣበቀ አስቸግሮኛል

ጤና ይስጥልኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌ፣ በደረቅ ዘዴ ከተዘጋጀ የጅማ ቡና የሚቀረውን ገለፈት ወደ ጋዝ ለውጬ፣ ጋዙን በፊሸር-ትሮፕሽ ሂደት (ጋዝን በካታሊስት፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጥን በሚያፋጥን ንጥረ ነገር፣ ወደ ፈሳሽ ነዳጅ በሚቀይር ዘዴ) የአውሮፕላን ነዳጅ ለማድረግ እየሠራሁ ነው፤ በዚህ መንገድ የሚገኘው ነዳጅ ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም ዲ7566 በተባለው ዓለም አቀፍ የአውሮፕላን ነዳጅ መስፈርት መሠረት ከመደበኛው ጋር እስከ 50 በመቶ እንዲቀላቀል ይፈቀዳል።

እኔ ግን ገና ከመጀመሪያው ደረጃ አላለፍኩም። ገለፈቱን ወደ ጋዝ የምለውጥበት ምድጃ ሙቀት ወደ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ፣ በውስጡ የሚንሳፈፈው የሲሊካ አሸዋ እርስ በርሱ እየተጣበቀ ይጓጉላል። ምክንያቱ በገለፈቱ አመድ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ፖታሲየም ከሲሊካው ጋር ተዋሕዶ በቀላሉ የሚቀልጥ ውህድ መፍጠሩ እንደሆነ ተረድቻለሁ። ሙቀቱን ወደ 700 ሳወርደው መጣበቁ ቀነሰ፤ ነገር ግን ካታሊስቱን የሚያበላሸው ቅጥራን (ከጋዙ ጋር የሚወጣው ጥቁር ዝልግልግ ነገር) በዛ። ገለፈቱን በውሃ ማጠብ አብዛኛውን ፖታሲየም ያስወግዳል፤ ሆኖም የታጠበውን መልሶ ማድረቅ (በክረምት የሞከረው ያውቀዋል) ብዙ ጉልበት ይበላል።

ስለሆነም አሸዋውን ኦሊቪን ወይም ዶሎማይት በተባሉ ማዕድናት የተካ፣ አልያም ካኦሊን የተባለውን ነጭ ሸክላ የጨመረ ባለሙያ ካለ፣ በምን ያህል መጠን እንደጀመረ፣ ዶሎማይቱም እየደቀቀ ከጋዙ ጋር እንዳይወጣ እንዴት እንደተቆጣጠረው እንዲያስረዳኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።