የቲቪ ማስታወቂያ፦ ቢያስለቅስ ይሻላል ወይስ ቢያስቅ?

አወያይ፦ እሺ የሐዋሳ ልጆች፣ ፒያሳ ካፌ ውስጥ የጀመርነው ክርክር እዚህ ይቀጥል። የበዓል ማስታወቂያ መጣ። እናት በር ላይ ቆማ ልጇን ትጠብቃለች፣ ዋሽንት፣ እንባ፣ መጨረሻ ላይ የዘይት ጀሪካን። ግማሹ ጠረጴዛ «ልብ ይነካል» አለ፣ ግማሹ ሳቀ። የቱ ይሻላል?

የታቦር ልጅ፦ ልብ የሚነካው ነዋ! ቀልድ የአንድ ሰሞን ነው። እህቴ ዱባይ ናት፣ የገንዘብ መላኪያው ማስታወቂያ ሲመጣ እናቴ ሪሞቱን ማንም እንዲነካ አትፈቅድም።

ባለሱቋ፦ እኔ አቶቴ ሱቅ አለኝ፣ የማየውን ልንገራችሁ። ሰው ይመጣና እየሳቀ «ያንን ሰውዬው የሚወድቅበትን ሳሙና ስጪኝ» ይላል። ስሙን አያውቀውም። «የትኛው?» ስለው መደርደሪያውን ያይ ያይና ርካሹን ይዞ ይሄዳል። ቀልዱን ወደደው እንጂ ሳሙናውን አልገዛም። የሚያስለቅሰው ዘይት ደግሞ ጭራሽ ጠያቂ የለውም፣ «ዘይት ስንት ገባ?» ነው የሚሉኝ።

ካሜራማኑ፦ ሥራው ውስጥ ስላለሁ ልናገር። ማስለቀስ ቀላል ነው፤ አሮጊት፣ ዋሽንት፣ ስሎው ሞሽን፣ አለቀ። ቀልድ ግን በ30 ሰከንድ ውስጥ ሰውዬውን አስተዋውቀህ፣ ነገሩን አዙረህ፣ አስቀህ፣ ዕቃውንም ማሳየት አለብህ፣ ትንሽ ከዘገየህ ሞተ። ደንበኛውም ይፈራል፣ «ይቀልዱብናል» ይላል። የቢራ ማስታወቂያዎች ትዝ ይሏችኋል? በ2011 የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ 1112 ከቲቪና ከሬዲዮ እስኪያወርዳቸው ድረስ አብዛኞቹ ባህል፣ ታሪክ፣ አገር፣ ጭፈራ ነበሩ። ስለ ቢራው ጣዕም ግን ምንም!

የታቦር ልጅ፦ ግን ተሸጠ አይደል?

ካሜራማኑ፦ ወንድሜ፣ ቢራ ያለ ማስታወቂያም እየተሸጠ ነው 😂

የሲዳማ ቡና ደጋፊ፦ ቀልድ ቀልድ ትላላችሁ፣ ሁሌ የሚሳቅበት ግን ማነው? ከገጠር የመጣ፣ አማርኛው የሚሰባበርበት ሰውዬ። እዚህ ከተማ እኮ አንድ ባጃጅ ውስጥ ሲዳሙ አፎ፣ ወላይትኛና አማርኛ ይወራል። አባቴ አማርኛ ሲናገር ልክ እንደዛ ነው፣ ሶፋው ላይ አብሮን ቁጭ ብሎ እያየ ምን እንበለው? የማስታወቂያ አዋጁ 759/2004 እኮ በቋንቋ፣ በብሔር፣ በሙያ የሰውን ክብር የሚነካ ማስታወቂያ ይከለክላል። ማን ያስፈጽመዋል፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።

ካሜራማኑ፦ እዚህ ላይ አልከራከርህም። እሱ ስንፍና ነው፣ የሚጽፈው ሰው ሐሳብ ሲያልቅበት ዘዬ ላይ ይወጣል። ሻጩ ራሱ ላይ ቢቀልድ እኮ ማንንም አይነካም።

ባለሱቋ፦ እኔን ጨጓራዬን የሚልጠኝ መደጋገሙ ነው። በአንድ ድራማ መሃል አራቴ! ቀልዱም ይሞታል፣ እንባውም ይደርቃል።

የሲዳማ ቡና ደጋፊ፦ የባሰው እኮ ለታመመ ሕፃን እርዳታ ሲጠየቅ ነው። እዛ ላይ ማዘን ይገባል። ግን ዘይትና ቀለም ሲያስለቅሰን ከርሞ ለልጁ እንባ ከየት ይምጣ? ሰው ቻናል ይቀይራል።

የታቦር ልጅ፦ እሺ ተሸነፍኩ በሉ፣ የገንዘብ መላኪያውን ግን አትንኩብኝ።

ባለሱቋ፦ እሱስ ይሁን። ሥራው ራሱ እሱ ነው፣ ልጅ ትልካለች፣ እናት ትቀበላለች። ዘይቱ ግን ምን አገባው?