አዲስ አስተናጋጅ መጀመሪያ መማር ያለባት «ጠይቄ ልምጣ» ማለትን ነው

ሰላም ለሁላችሁም። ሬስቶራንት የከፈትሽው እህታችን ያነሳሽው ጥያቄ የብዙዎቻችን ነው። አዲስ የቀጠርኳቸው አስተናጋጆች ጨዋ ናቸው፣ ሥራ አይፈሩም፣ ጠረጴዛ ጋ ሲደርሱ ግን ይደናገጣሉ፣ እንዴት ላሠልጥናቸው ብለሻል። እኔ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በሐበሻ ቤቶች ለዓመታት አስተናግጃለሁ። አሁን ደግሞ አዲስ የሚገቡትን አሠለጥናለሁ። የማውቀውን ልጻፍ።

ብዙ ቤት ሥልጠና የሚባል ነገር የለም። «ከእሷ ጋር ዙሪ፣ እያየሽ ትለምጃለሽ» ይባላል። ከዚያ ዓርብ ማታ ቤቱ ጢም ሲል ጠረጴዛ ይሰጣታል። ትሪ መሸከም በእርግጥ እያዩ ይለመዳል። ሜኑም ቀስ በቀስ ይያዛል። ደንበኛ ፊት ቆሞ «አላውቅም፣ ጠይቄ ልምጣ» ማለት ግን እያዩ አይለመድም። በቅርብ ከአገር ቤት የመጣ ልጅ ይሉኝታ ይይዘዋል። የተባለው ካልገባው «ይድገሙልኝ» ማለት ይከብደዋል። ስለዚህ ፈገግ ብሎ «የስ» ይልና ይሄዳል። ቅሬታውም፣ የተሳሳተው ኦርደርም፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ አለርጂውም ከዚህ ይመጣል።

አንድ ጠረጴዛ እንውሰድ። አራት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዷ «እንጀራችሁ ግሉተን አለው?» ትላለች። ግሉተን ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ልጅቷ ጤፍ ግሉተን እንደሌለው ሰምታለች፣ «የለውም» ትላለች። ጤፍ እውነትም የለውም። ግን እዚህ አሜሪካ ብዙ ቤት ጤፉን ከስንዴ ወይም ከገብስ ዱቄት ጋር ደባልቆ ነው የሚጋግረው። ሴትየዋ ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት የሴሊያክ በሽታ ካለባት በዚያ መልስ ትታመማለች። ልጅቷ ማለት የነበረባት «እርግጠኛ እንድሆን ኪችን ልጠይቅ» ነው። ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ቢኖር እንኳ ገና አላለቀም። የእኛ ምግብ በአንድ ትሪ ነው የሚወጣው። አራቱም እጃቸውን እዚያው ይሰዳሉ። የጓደኞቿ እንጀራ ድብልቅ ከሆነ ለእሷ ለብቻዋ ትሪ መውጣት አለበት። ይህን ደንበኛዋ ላታስበው ትችላለች። ቀድማ ማንሳት ያለባት አስተናጋጇ ናት።

በአሜሪካ ሕግ ዋና አለርጂ አምጪ ተብለው የተለዩት ምግቦች 9 ናቸው። ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ እንደ ሽሪምፕ ያሉ ቅርፊት ያላቸው የባሕር እንስሳት፣ እንደ አልሞንድ ያሉ የዛፍ ለውዞች፣ ኦቾሎኒ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተርና ሰሊጥ። ሰሊጥ ዝርዝሩ ውስጥ የገባው በ2023 ስለሆነ የቆየ አስተናጋጅም ላያውቀው ይችላል። ይህን ወረቀት ላይ አትመሽ ብቻ አትስጫት። ጠረጴዛ ከመያዟ በፊት አንድ ሙሉ ሺፍት ኪችን ውስጥ ከምግብ አብሳይዋ ጋር ትዋል። የትኛው ወጥ ላይ ቅቤ እንደሚገባ፣ ሽሮው ምን ተቀላቅሎበት እንደተፈጨ፣ ቅቤ የነካው ጭልፋ የጾሙ ድስት ውስጥ ይገባ እንደሆነ በዓይኗ ትይ። ፈረንጅ «ቪጋን ነው ወይ?» ሲላት፣ ማለትም ከእንስሳ የሚገኝ ምንም የለበትም ወይ ሲላት፣ «የጾም ነው» ብላ ብቻ እንዳታልፍ። ጎመኑ ላይ ቅቤ ጣል የምታደርግ ባለሙያ አለች። ዓሣን ከጾም ምግብ የሚቆጥር ቤትም አለ። ክትፎ ሲታዘዝም ጥሬ፣ ለብለብ ወይስ የበሰለ ብላ ሳትጠይቅ ከጠረጴዛው አትነሳ። ጥሬ ሥጋ መሆኑን ሳያውቅ የሚያዝ ሰው ብዙ ነው።

ልምምዱን ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር ሲል ነው የማደርገው። እኔ ደንበኛ ሆኜ እቀመጣለሁ። ሆን ብዬ በፍጥነት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አዛለሁ። መሀል ላይ ሐሳቤን እቀይራለሁ። ያዘዝኩትን በሙሉ መልሳ እስክትነግረኝ አልለቃትም። መጀመሪያ ሰሞን በጣም ታፍራለች። ግን እኔ ፊት ያፈረችውን ያህል ደንበኛ ፊት አታፍርም።

ሌሎች ትንንሽ ነገሮችም አሉ። አገር ቤት ሳይጠየቅ ሒሳብ ማምጣት «ተነሱ» እንደማለት ነው። እዚህ ግን ምሳ ሰዓት ላይ ፈረንጅ ሒሳቡ ካልመጣለት ይበሳጫል። አንገት መድፋትም ለእኛ አክብሮት ነው፣ ለእነሱ ግን ግድ የለሽነት ይመስላል። መታወቂያ ላይ ያለው ቀንም ያምታታል። 03/04 ማለት እዚህ ማርች 4 ነው፣ ወሩ ይቀድማል። ጠጅም ሆነ ቢራ ለማዘዝ 21 መሙላት ግድ ስለሆነ በዚህ መሳሳት ቤቱን ያስቀጣል። በካርድ ሲከፈል ደግሞ ደንበኛው ወረቀቱ ላይ በእጁ የጻፈው ቲፕ (ጉርሻ) ሺፍቱ ሳይዘጋ ማሽኑ ውስጥ መግባት አለበት። ካልገባ ገንዘቧ ቀረ ማለት ነው። ይህን ማንም ሳይነግራቸው የሚከርሙ ልጆች አይቻለሁ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። አንድ ወንድማችን ከላይ «ሥልጠና ላይ ያለ ሰው አይከፈለውም» ብሏል። እንዲህ አይደለም። የሥልጠና ሰዓት የሥራ ሰዓት ነው፣ ይከፈላል። ቲፕ ለሚያገኝ ሠራተኛ አሠሪው በቀጥታ መክፈል ያለበት ዝቅተኛ መጠን ቨርጂኒያ ውስጥ በሰዓት 2.13 ዶላር፣ ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ 3.63 ነው። ነገር ግን ከቲፑ ጋር ተደምሮ የስቴቱን ዝቅተኛ ደመወዝ ካልሞላ ልዩነቱን ባለቤቱ ይሞላል። ቲፕ ሳታገኝ ስትሠለጥን የከረመች ልጅ ሙሉ ዝቅተኛ ደመወዟ ይገባታል። ከ2018 ጀምሮ ባለቤትም ማኔጀርም ከአስተናጋጆች ቲፕ መካፈል በፌዴራል ሕግ ተከልክሏል። ደመወዟ ዝቅ ተደርጎ በቲፕ የሚሞላ ከሆነ ደንበኛ ሳይከፍል ቢወጣ ወይም ብርጭቆ ቢሰበር ከእሷ መቁረጥም አይቻልም። «የአገሬ ልጅ ናት፣ ትረዳኛለች» እየተባለ ይህ ሁሉ ሲጣስ ያንገበግበኛል። ቋንቋውንም ሕጉንም ገና ያላወቀችን ልጅ መበደል ቀላል ነው። ነፃ እየሠራሁ ነው ብላ የምታስብ ልጅ ደግሞ ጥያቄ አትጠይቅም፣ እንዳያባርሯት ትፈራለች።

ለእናንተ ለአዲስ ገቢዎች ደግሞ፣ ቲፓችሁን አስመዝግቡ። በወር 20 ዶላርና ከዚያ በላይ ካገኛችሁ በሚቀጥለው ወር እስከ 10ኛው ቀን ድረስ ለአሠሪያችሁ ማሳወቅ አለባችሁ። ከ2025 እስከ 2028 ባለው የግብር ዘመን በዓመት እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ ቲፕ የፌዴራል ግብር ከሚታሰብበት ገቢ ላይ ሊቀነስ ይችላል። ይህ የሚሠራው ግን ለተመዘገበ ገንዘብ ነው። ካሹን በኪስ ይዞ መሄድ ለጊዜው ደስ ይላል። በኋላ ግን ባል ወይም ሚስት ወደ አሜሪካ ለማምጣት ፎርም ስትሞሉ ገቢያችሁ መንግሥት ካወጣው የድህነት መለኪያ 125 በመቶ መድረሱን በታክስ ወረቀት ማሳየት ትጠየቃላችሁ። ያን ጊዜ ያልተመዘገበ ቲፕ አይቆጠርላችሁም።