ክርክር፦ የጓደኛን ሞት ራስ መመርመር ያዋጣል?

ነገር አንሺው፦
ትናንት ከጓደኞቼ ጋር ስንጨቃጨቅ ያመሸንበትን ነገር ወደዚህ ላምጣው። ታሪኩ ፈጠራ ነው፤ ጥያቄው ግን የእውነት ነው።

አንድ ዘፋኝ አለ። ማታ ማታ ይዘፍናል፣ ሲያርፍ ድራግ ሬስ የሚባለውን የመኪና እሽቅድምድም ይወዳደራል። አንድ የልብ ጓደኛ አለው፣ እሱም ተወዳዳሪ ነው። ውድድር ሁሌ አብረው ነው የሚሄዱት። መኪና ያጥባሉ፣ ቡሎን ያጠብቃሉ፣ አንዱ የሌላውን መኪና ማቆሚያ ፓራሹት አጥፎ ያስራል። አንድ ቀን ጓደኛው መስመሩን ጨርሶ ሲያልፍ ፓራሹቱ አልከፈት ይለዋል። ይሞታል። «የቴክኒክ ብልሽት» ተባለና ተዘጋ። ዘፋኙ ግን አላመነም። ጓደኛው ከሳምንት በፊት «የማወራህ ነገር አለኝ» ብሎት፣ ሳያወራው ነው የሞተው። እናም ራሱ መርማሪ ሆነ። ጋራዥ ሰብሮ ይገባል፣ ሰው ያፋጥጣል፣ የጠረጠረውን ሰው በመኪና ይከተላል።

ትክክል ነው ወይስ አይደለም? እኔ ትክክል ነው ባይ ነኝ። ፖሊስ ጠረጴዛ ላይ መቶ ፋይል አለ። ጓደኛ ያለው አንድ ፋይል ነው።

ጋራዥ ያደገው፦
መጀመሪያ ነገሩን ለማያውቁት። ድራግ ሬስ ማለት ሁለት መኪና፣ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ማን ቀድሞ ይደርሳል ነው። የጥንቱ ርቀት ሩብ ማይል ነው፣ 402 ሜትር። ትልልቆቹ መኪኖች የሚጠጡት ቤንዚን ሳይሆን ናይትሮሜቴን ነው። ከ10 ሺህ ፈረስ ጉልበት በላይ አላቸው፤ በአራት ሰከንድ ገደማ ውስጥ በሰዓት ከ500 ኪሎ ሜትር ያልፋሉ። ያን ያህል ፍጥነት በፍሬን ብቻ አይቆምም። ለዚህ ነው ፓራሹት የተፈለገው።

አሁን ወደ ክርክሩ። በዚህ ስፖርት ውስጥ «አጠራጣሪ ሞት» ለማለት አትቸኩሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ስኮት ካሊታ የሚባል የታወቀ ተወዳዳሪ ኒው ጀርሲ ውስጥ ለውድድሩ ማጣሪያ ሲነዳ ሞተሩ ፈነዳ። ፓራሹቶቹ ሊያቆሙት አልቻሉም። መጨረሻ ላይ ያለውን አሸዋ አልፎ ሄደና ሞተ። ሸር የለም፣ ጠላት የለም። ሞተር፣ እሳትና አጭር ማቆሚያ ብቻ። ከዚያ በኋላ ነው የትልልቆቹ መኪኖች ርቀት ወደ 1000 ጫማ፣ ማለትም ወደ 305 ሜትር ያጠረው።

ስለዚህ ዘፋኙ ጋራዥ ሰብሮ ከመግባቱ በፊት ኪሱን ይፈትሽ። ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ ተወዳዳሪ የሰዓት ወረቀት ይሰጠዋል። ስልሳ ጫማ ላይ ስንት ሰከንድ፣ 330 ላይ ስንት፣ 660 ላይ ስንት፣ መጨረሻ ላይ በምን ፍጥነት፣ ሁሉም አለበት። ከድሮዎቹ ወረቀቶች ጋር አስተያይተህ ስታነብ ከመስመሩ በፊት እግሩን ከነዳጅ መርገጫው አንስቶ እንደነበር ትገምታለህ።  ይሄ ማንንም ሳያፋጥጡ የሚገኝ መረጃ ነው።

ዳኛ ያልሆነችው፦
ሕግ ተምሬያለሁ፣ ዳኛ ግን አይደለሁም፣ ስሜም ለዚህ ነው። ጋራዥ ያደገው ወንድሜ ጥሩ ጀመረልኝ። እኔን የሚያስፈራኝ ያቺ ሰብሮ የመግባት ነገር ናት።

ዘፋኙ ጋራዥ ገብቶ የተቆረጠ የፓራሹት ገመድ አገኘ እንበል። አንስቶ ኪሱ ከተተው። በነጋታው ለፖሊስ ሰጠ። አበቃ! ያ ገመድ ሞተ። ፍርድ ቤት ውስጥ የተከሳሹ ጠበቃ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፦ «ይሄ ገመድ ሌሊቱን ሙሉ የት ነበር?» መልሱ «ኪሴ ውስጥ» ነው። «ቢላ አለህ?» ይቀጥላል። ኤግዚቢት የሚባለው ነገር ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፈ በሰነድ ካልታየ ዋጋው ይወድቃል። ገዳይ ካለ፣ ዘፋኙ ነጻ ሊያወጣው ነው።

የእሽቅድምድም ሞት በሕግ ሲታይ ምን እንደሚመስል ማወቅ የሚፈልግ የፎርሙላ 1 ተወዳዳሪውን የአየርተን ሴናን ጉዳይ ይመልከት። ሴና እ.ኤ.አ. ግንቦት 1 ቀን 1994 ኢሞላ ላይ ሞተ። የጣሊያን ባለሥልጣናት መኪናውን ያዙት። ባለሙያዎች የመሪውን ዘንግ መረመሩ፣ የኮምፒውተር መረጃ ተነበበ። ተከሳሾቹ ነጻ ወጡ፣ ይግባኝ ተባለ፣ ጉዳዩ ተመለሰ። የመጨረሻው ፍርድ ቤት አደጋውን ያመጣው በመጥፎ ሁኔታ የተሠራ የመሪ ዘንግ ማሻሻያ ነው ያለው በ2007 ነው። አስራ ሦስት ዓመት! ያኔ ደግሞ የክሱ ጊዜ በይርጋ አልፎ ነበር። ይሄ ሁሉ መኪናው በመንግሥት እጅ ሆኖ፣ መሐንዲሶች ተሰብስበው ነው። አንድ ዘፋኝ በባትሪ መብራት ምን ሊያደርግ ነው?

ነገር አንሺው፦
እህቴ፣ ራስሽ መለስሽው እኮ። አስራ ሦስት ዓመት ፈጅቶ ማንም ካልተቀጣ፣ ጓደኛ ለምን ዝም ይላል?

ዜማ ወዳድ፦
እኔ የነገር አንሺው ወገን ነኝ፤ ምክንያቴም ቦቢ ፉለር ነው። አሜሪካዊ ዘፋኝ ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 18 ቀን 1966 ሆሊውድ ውስጥ ከመኖሪያው ደጃፍ በቆመ የእናቱ መኪና ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ዕድሜው 23 ነበር። ቤንዚን ነበር ያለበት። ስሙ ገና መግነኑ ነው፣ ዘፈኑ በየሬዲዮው ነው። የሞት ምክንያት በተጻፈበት ወረቀት ላይ «አደጋ» እና «ራስን ማጥፋት» የሚሉት ሁለቱም ምልክት ተደረገባቸው፣ አጠገባቸውም የጥያቄ ምልክት ተጻፈ። አስቡት! መንግሥት ራሱ በጥያቄ ምልክት ፋይል ዘጋ። ቤተሰቡና ጓደኞቹ ስንት ዓመት ጠየቁ። ዛሬም ነገሩ እንዳልለየለት ነው።

በዚያች ሳምንት አንድ ወዳጁ በር እያንኳኳ «ያን ሌሊት ማን ደወለለት? ማን መጣ?» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ይጎዳ ነበር? የሰው ትዝታ እኮ እንደ በረዶ ነው፣ ይሟሟል።

ዳኛ ያልሆነችው፦
ጠይቆ መጻፍና መከታተል ይለያያሉ፤ የመጀመሪያውን ማንም አልከለከለም። እኔ የምፈራው ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። ዘፋኝ ደግሞ መድረክ አለው። አንድ ማታ ማይክ ይዞ «ወንድሜን የገደለው እንትና ነው» ቢልስ? እ.ኤ.አ. በ2013 ከቦስተን ማራቶን ፍንዳታ በኋላ ኢንተርኔት ላይ የተሰበሰቡ መርማሪ ነን ባዮች ያደረጉትን አስታውሱ። ፎቶ አስተያይተው አንድ የጠፋ ተማሪን «ይሄ ነው» አሉ። ልጁ ከፍንዳታው ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። በኋላ አስከሬኑ ተገኘ። ልጃቸውን ሲፈልጉ የከረሙ ሰዎች በዚያው ሰሞን ስድብና ዛቻ ይደርሳቸው ነበር። ቅን ልብ የነበራቸው ብዙ ነበሩ፤ ቅን ልብ ግን ማስረጃ አይሆንም።

አንባቢው፦
ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የማልፈው። ዛሬ ግን ልጻፍ።

የአክስቴ ልጅ ከደረጃ ወድቆ ሞተ ተባለ። ጠንካራ ልጅ ነበር፣ ደረጃውን በጨለማ የሚያውቅ። አላመንንም። አብሮት የሚኖር አንድ ልጅ ነበር፣ ቀብር አልመጣም። ስልኩም ዝግ ነው። በቃ! ሦስት ሆነን ምርመራ ጀመርን። የት እንደሚሠራ ሄደን ጠየቅን፣ ለአለቃው ነገርን፣ ለሰፈሩ ሁሉ አወራን። በአሥረኛው ቀን ልጁ ተገኘ። ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ የገባው አደጋው ከመድረሱ ከሁለት ቀን በፊት ነው። ሥራውን ግን አጥቶ ነበር የጠበቀን።

ይቅርታ አላልነውም። አፍረን። ይኸው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ካየሁት አቅጣጫ እቀይራለሁ።

ነገር አንሺው፦
...ይሄ ከባድ ነው ወንድሜ። ስለጻፍከው አመሰግናለሁ።

ጋራዥ ያደገው፦
አንባቢውን ካነበብኩ በኋላ ሻይ ጠጥቼ ነው የተመለስኩት። ቆይ፣ ሁለታችሁም ጋ እውነት ያለ ይመስለኛል፤ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

ኤሪክ ሜድለን የሚባል ወጣት ተወዳዳሪ ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2007 ፍሎሪዳ ውስጥ መኪናውን ሲሞክር የኋላ ጎማው ተበላሽቶ መኪናው በኃይል መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ተመታ። ከቀናት በኋላ ሞተ። የመኪናው ዋና መካኒክ ማን መሰላችሁ? አባቱ፣ ጆን ሜድለን። ያ ሰው ቤቱ ገብቶ በሩን ቢዘጋ ማን ይፈርድበታል? እሱ ግን ልጁን የገደለው ምን እንደሆነ ለማወቅ ከቡድኑ ጋር ሥራ ጀመረ። ሻንሲው እንደገና ተጠና፣ በጭንቅላቱ ዙሪያ ያለው ብረትና መከላከያ ተለወጠ። ዛሬ በሕይወት የሚነዱ ሰዎች ከዚያ ሥራ ተጠቅመዋል።

ዶን ጋርሊትስ የሚባል ተወዳዳሪም አለ። እ.ኤ.አ. በ1970 ማርሹ እግሩ ሥር ፈንድቶ የቀኝ እግሩን ከፊል ቆረጠው። ያኔ ሞተሩ የሚቀመጠው ከነጂው ፊት ነበር። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ሌላ መኪና አሰበ። በዓመቱ ሞተሩን ከኋላው አስቀምጦ መጣ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ሁለቱም የጠየቁት «ምን ተፈጠረ?» ብለው ነው። ብረት ብትጠይቀው አይዋሽህም፣ ስሙም አይጠፋም። ሰው ግን... ዘፋኙ «ማን ነው?» ብሎ ነው የጀመረው። የኔ ችግር ያ ነው። ፓራሹቱ ለምን አልተከፈተም የሚለውን ሳያውቅ የሰው መኪና መከተል ምን ይባላል?

ዜማ ወዳድ፦
«ምን» ብቻ እየጠየቅን ገዳዩ እየሳቀ ይሂድ እንዴ? ራፐሩ ቱፓክ እ.ኤ.አ. በ1996 ተገደለ። ክስ የተመሠረተው በ2023 ነው። አቃቤ ሕግ ከያዛቸው ነገሮች መካከል ተከሳሹ ራሱ በቃለ መጠይቅ ያወራው ይገኝበታል። ሰውየው አልፈጸምኩም ብሏል፣ ፍርዱን ለፍርድ ቤት እንተወው። የምለው ግን፣ ነገሩ እንዳይረሳ ያደረገው 27 ዓመት ሙሉ ሰው ማውራቱን ስላላቆመ ነው። ዝም ቢባል ማን ያስታውስ ነበር? ዘፋኙም ቢያንስ ዝም አይበል።

ዳኛ ያልሆነችው፦
እሺ፣ ዝም አይበል። ያደርገው ዘንድ የምመክረውን ልንገርህ። ጓደኛው «የማወራህ ነገር አለኝ» ያለበትን ቀንና ሰዓት፣ መልእክት ከሆነ መልእክቱን ሳያጠፋ፣ ዛሬውኑ ይጻፍ። የሟቹን ቤተሰብ ይዞ መኪናው እንዳይሸጥና እንዳይጠገን በጽሑፍ ይጠይቅ። ሰው ብረቱን ከመንካቱ በፊት ፎቶ ይነሳ። ገለልተኛ ባለሙያ ይምጣ፣ ፖሊስ ባለበት። የአስከሬን ምርመራው ውጤት ካላረካቸው ሁለተኛ ምርመራ መጠየቅ የሚቻልበት ሕግ በብዙ አገር አለ። ሰውን ማፋጠጥ ግን ይተው። ያፋጠጥከው ሰው ጥፋተኛ ከሆነ ማስረጃውን ያቃጥላል፣ ካልሆነ ደግሞ እንደ አንባቢው ዕድሜ ልክህን አቅጣጫ ትቀይራለህ።

ነገር አንሺው፦
ይሄን እንኳ እቀበላለሁ። ሰብሮ መግባቱን ትቻለሁ። ግን ዘፋኙ ከፖሊስ የተሻለ ዕውቀት አለው የሚለውን አልተውም። መኪናውን ያውቃል፣ ሰዎቹን ያውቃል፣ ያን ቀን እዚያው ነበር።

ጋራዥ ያደገው፦
ሰዎቹን ማወቁ እኮ ነው የሚያስፈራው። ውድድር ሊጀመር ሲል መኪናው አጠገብ የሚደርሰው ባዕድ አይደለም። «የሞተው ወንድምሽ፣ የገደለው ባልሽ፣ ሐዘንሽ ቅጥ አጣ ከቤትሽ ሳይወጣ» ያሉት ለዚህ ነው። ሸር ካለ የራሳቸው ቡድን ውስጥ ነው የሚገኘው። እሱን መመርመር የሚችል ልብ አለው?

ዳኛ ያልሆነችው፦
ቆይ ቆይ። ነገር አንሺው፣ ታሪኩን መልሼ አነበብኩት። አንዱ የሌላውን ፓራሹት አጥፎ ያስራል ብለሃል። ያን ቀን የሟቹን ፓራሹት ያሰረው ማነው?

ነገር አንሺው፦
...ዘፋኙ።

ዳኛ ያልሆነችው፦
እንግዲያው ፖሊስ መጀመሪያ የሚጠራው እሱን ነው። እስካሁን አንዳችንም አልጠየቅነውም።