ከመኖ ጆንያ የወጣው አመድማ በረሮ ምን ዓይነት ነው? ለዶሮ ባራባውስ?

የኮምቦልቻዋ፦
ሰላም ናችሁ። ግቢ ውስጥ 14 ዶሮዎች አሉኝ። ከሁለት ወር በፊት የገዛሁት የመኖ ጆንያ ሥር በረሮ አገኘሁ። ዶሮዎቹ እየተሻሙ ሲበሉት ሳይ ለምን አላራባውም አልኩና ስድስቱን የማር ጠርሙስ ውስጥ አስቀመጥኩ። ማድ ቤት ከምናውቀው ይለያል፤ አመድማ ነው፣ ሦስት ሳንቲሜትር ቢሞላ ነው፣ ክንፉም እስከ ጅራቱ አይደርስም። እንቁላል ጥሎ አላየሁም፣ ግን ባለፈው ሳምንት ጠዋት ስነሳ ጠርሙሱ ውስጥ ትንንሽ ልጆች ይርመሰመሳሉ። አንዱ ደግሞ ድፍን ነጭ ነው፣ ታሞ ይሆን? ደሴ ያለው ወንድሜም አራት ወስዶ ነበር፣ የሱ እስካሁን ምንም አልወለዱም። እናቴ ዛሬውኑ አቃጥይው ብላኛለች፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ጦሳ ሥር፦
እህቴ አብሽሪ፣ እናትሽ ሳያቃጥሉት ጋሻውን እይው። ጋሻ የምለው ከራሱ ኋላ ያለውን ጠፍጣፋ ሽፋን ነው። በረሮ በቀለም አይለይም፣ በጋሻው ነው የሚለየው። ሁለት ጥቁር መስመር ጎን ለጎን ካለውና አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ገደማ ከሆነ የጀርመን በረሮ ነው፣ እሱን ቤትሽ ውስጥ በፍጹም እንዳታራቢ። ቀላ ያለ፣ አራት ሳንቲሜትር የሚደርስ፣ ጋሻው ዳር ዳሩን ቢጫ ከሆነ የአሜሪካ በረሮ ይባላል፣ የፍሳሽ ጉድጓድ የሚወደው እሱ ነው። ያንቺ አመድማ ከሆነና ጋሻው ላይ እግሩን የዘረጋ ሸርጣን የመሰለ ቡናማ ሥዕል ካለው ናውፎኢታ ሲኔሪያ ነው፣ ሎብስተር በረሮ የሚሉት። የእንስሳት መኖ መጋዘን ይወዳል። እንቁላሉን ሆዱ ውስጥ ይዞ ስለሚያቆይ ልጆቹ ሕያው ሆነው ነው የሚወጡት፣ የእንቁላል ከረጢት ያላየሽው ለዚህ ነው። ነጩ አልታመመም፣ ቆዳ ቀይሮ ነው። በጥቂት ሰዓት ይጠቁራል፣ እስከዚያ ገላው ለስላሳ ነውና አትንኪው።

የዶሮ ሰው፦
ከጆንያው ውጪ የያዝሽውን አትቀላቅይ። ቤት ውስጥ የሚያዝ በረሮ መርዝ የተረጨበት ሊሆን ይችላል፣ ሳልሞኔላ የሚባል የሆድ በሽታ ባክቴሪያም ይሸከማል። በሞቃት አገር የዶሮ ቤት ጉዝጓዝ ውስጥ የሚኖር ሱሪናም የሚባል በረሮ አለ፣ ያለ ወንድ ይራባል፣ የዶሮን ዓይን የሚያጠቃ ትል የሚያስተላልፈውም እሱ ነው። ጥቁር ጋሻ ያለው፣ ከአፈር ሥር የሚቆፍር ካገኘሽ ለዶሮ አትስጪ። ሌላው፣ ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ ነገሩን ተዪው። ኩሱና የሚጥለው ቆዳ አስም ይቀሰቅሳል፣ እኔ በልጄ አይቼዋለሁ።

ሸዋበር፦
የወንድምሽ ነገር ብርዱ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፣ ሀረጎን ስትወርጂ ሙቀቱ ራሱ ይነግርሻል። ይህ በረሮ 28 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው ደህና የሚራባው። ሳጥኑን ማታ ማታ ምድጃ ወዳለበት ክፍል ያስገባው። አንቺ ግን ከጠርሙሱ አውጪያቸው፣ መስታወት መውጣት ስለሚችሉ ክዳኑን የከፈትሽ ቀን ያመልጣሉ። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ባልዲ ያዢ፣ ከአፉ በታች ውስጡን አራት ጣት ያህል ቫዝሊን ቀቢው፣ ክዳኑን ቀድደሽ ዓይኑ ጠባብ የሆነ የሽቦ ወንፊት ለጥፊበት። ውስጡ የእንቁላል ካርቶን አቁሚ፣ ፍሩሽካ ጨምሪ፣ ለውሃ ካሮት ይበቃል። ዕቃ ላይ ውሃ ካኖርሽ ልጆቹ ይሰጥማሉ፣ ሻጋታም ይመጣል። ሻጋታ ያየሽበትን ሁሉ ያን ቀን አውጪ።

የኮምቦልቻዋ፦
አላህ ይስጣችሁ! በስልኬ ካሜራ አጉልቼ አየሁት፣ ሥዕሉ አለ። ባልዲውንም ሠራሁ፣ ግን እናቴ ቤት ውስጥ ስላልፈቀደች ዶሮ ቤቱ አጠገብ ካለችው ዕቃ ቤት አስቀመጥኩት። ለዶሮዎቹ ስንት ስንት ልስጣቸው?

ጦሳ ሥር፦
አሁን ምንም አትስጪ። ልጆቹ ለማደግ ወራት ይፈልጋሉ፣ እነሱ ራሳቸው እስኪወልዱ ጠብቂ። ከዚያም ትርፍ ወንዶቹን አስቀድሚ።