የእጅ ሬዲዮዬ ይቀበላል፣ ሪፒተሩ ግን አይሰማውም፤ የገባችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ደብረ ሲና ነው የምሠራው፤ የአንድ መንገድ ሥራ የመገናኛ ሬዲዮዎች በኔ እጅ ናቸው። ጣርማ በር አናት ላይ ሪፒተር፣ ማለትም የሬዲዮ ድምፅ ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ መሣሪያ፣ አለን። ያለ እሱ ደብረ ብርሃን ያለ ሰው ታች ሸዋ ሮቢት ካለው ጋር አይገናኝም። ሬዲዮዎቻችን የሚሠሩበት ቪኤችኤፍ ሞገድ ተራራ አይበሳማ!

ያስቸገረኝ አንዱ ባለ 5 ዋት የእጅ ሬዲዮ ነው። ሰዎቹ ሲያወሩ ጥርት ብሎ ይሰማል። ቁልፉን ተጭኜ ስናገር ቀዩ መብራት ይበራል፣ ግን የሚመልስልኝ የለም። ያለ ሪፒተር፣ ከጎኔ ካለ ሬዲዮ ጋር ደህና ያወራል። ስለዚህ መላኪያው የተቃጠለ አይመስለኝም። ባትሪና አንቴናም ቀይሬያለሁ።

ሪፒተሩ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ተቀብሎ ወዲያው በሌላ ይለቃል። ሁለቱንም ቁጥሮች ከሚሠራው ሬዲዮ ጋር አመሳክሬያለሁ፣ ልክ ናቸው። አንድ ልዩነት አገኘሁ፤ የሚሠራው ላይ 88.5 ኸርትዝ የሚል ቶን አለ፣ የኔው ላይ ባዶ ነው። ይሄን ቶን ሬዲዮው ስለሚያጣራው ለጆሮ አይሰማም፤ ሪፒተሩ ግን እሱን ካላገኘ፣ የይለፍ ቃል እንዳልሰማ ዘበኛ፣ ዝም ይላል መሰለኝ።

ቶኑን መላኪያው ላይ ብቻ ላስገባ ወይስ መቀበያውም ላይ? የኮምፒውተር ገመዱ የለኝም፤ በሬዲዮው ቁልፎች ማስገባት ይቻላል?